የአርሴማ ጫማ

በእኛ ብሎክ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሰው ሁሉ ሰሌዳ ላይ ይቆማል። ሰሌዳው ከአልጋ ግርጌ የተነጠፈ፣ ሁለት እግር የሚይዝ ጥቁር ነገር ነው። ጫማና ካልሲ ይወልቃል፣ ይቆማል፣ እስከ ሃያ ይቆጠራል። አረንጓዴ ካበራ ቀኑ ይቀጥላል። ቢጫ ካበራ ሲስተር ስንዱ ቁርስ ሳይቀርብ ትደርሳለች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያልቆምኩበት ጠዋት የለም። ልጄን የዳርኩ ዕለት እንኳ ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ከረባት አስሬ፣ በባዶ እግሬ ቆሜያለሁ።

እዚህ የምንኖረው መቶ አርባ ሰዎች ሁላችንም ስኳር ያለብን፣ የሟች ኩላሊት የተተከለልን ነን። የሚከታተለን የሕክምና ማዕከል ኩላሊቱን «አደራ» ይለዋል፣ እኛን «አደራ ተቀባይ»። መልካም ስም ነው፤ መጀመሪያ ስሰማው ደስ ብሎኛል። አደራ ደግሞ፣ ልጆቼ፣ እንደምታውቁት ከራስ ንብረት ይቀድማል። ማዕከሉም ሕጉን ያወጣው ከዚሁ ተነሥቶ ነው።

ሰውነታችን የሰው ኩላሊት እንዳይገፋ ጠዋትና ማታ የምንውጠው ኪኒን አለ። በብሎካችን «አስታራቂ» እንለዋለን። ችግሩ አስታራቂው ሲያስታርቅ አይመርጥም። ሰውነት ከቁስል ጋርም ይታረቃል፤ ቁስሉ አይቀላም፣ አያብጥም፣ ሰውየው ምንም ሳይመስለው ወደ ውስጥ ይሄዳል። ስኳሩ ደግሞ አስቀድሞ የእግርን ስሜት ወስዷል። እኔ እግሬ ካልተሰማኝ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሸማኔ ነኝ፣ መርገጫውን በእግሬ ጣቶች ቆንጥጬ የምሠራ ሰው፤ ስሜቱ ሲጠፋ መርገጫውን በድምፁ ማወቅ ተማርኩ።

ሕጉ እንዲህ ነው። እግር ላይ ቁስል ከተገኘ ሰባት ቀን ይሰጠዋል። በሰባት ቀን ካልጠበበ እግሩ ይነሣል። ቁስሉ ቢመረቅዝ አስታራቂውን መቀነስ ግድ ይሆናል፤ አስታራቂው ሲቀነስ አደራው ይጎዳል። ስለዚህ እግሩ ቀድሞ ይሄዳል። መቁረጥ አይባልም፣ ማቅለል ነው የሚባለው። «እከሌ ቀለሉ» ይባላል፣ እኛም እንዴት ዋሉ ብለን እንጠይቃለን። እኔ ከመጣሁ ወዲህ ሠላሳ ስድስት ሰዎች ቀልለዋል። ዛሬ ያሉት በተሠራላቸው እግር ደረጃውን ከእኔ ፈጥነው ይወጣሉ። የሚያማርር አልሰማሁም።

ሰሌዳው የሚለካው ሙቀት ነው። ግራን ከቀኝ ያነጻጽራል፤ አንዱ ከሌላው ከጋለ ነገር አለ ማለት ነው። በጣቶች መሀል ግን አያይም። ለዚህ ሕጉ የሰው ዓይን ጨመረበት፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ምስክር። ምስክሩ በየጠዋቱ የባልንጀራውን ውስጥ እግር ያይና በስልኩ «አይቻለሁ፣ ንጹሕ ነው» ይላል። የእኔ ምስክር አርሴማ ናት፣ የእሷም እኔ። ከአንድ ሟች የተገኙት ሁለት ኩላሊቶች ግራው ለእኔ፣ ቀኙ ለእሷ ደረሱ። የጡት ልጅ፣ የክርስትና ልጅ እንደምንለው፣ በእኛ ዘመን የኩላሊት እህት የሚባል ዝምድናም መጣ። ይለቀሳል፣ ይጠየቃል፣ በሠርግ ይጠራል። የኩላሊት ዘመዶች አይጋቡም፤ ሕጉ ባይከለክልም ሰው ይነውረዋል። ባሏ የሞተ፣ ሚስቴም የሞተች ሰሞን አንዳንዱ ጎረቤት በዚህ ሲያሽሟጥጠን እሷ ትስቅ ነበር። እኔም እስቅ ነበር።

አርሴማ ሠላሳ ዓመት የባቡር ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበረች። ጠዋት በሬን ስትከፍት ሰላምታዋ አንድ ነው፣ «ትኬትህን።» እግሬን እዘረጋለሁ። መነጽሯን ታወርዳለች፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ትከፍታለች። ወርጄ የእሷን ሳይ ደግሞ «ባሌ እንኳ ተረከዜን አንተ እንደምታየው አላየውም» ትለኛለች። ቤቷ ከእኔ በታች ነው። ማዕከሉ ሙያዬን ጠይቆ ወለሌ ላይ የሽመና ጉድጓድ አውጥቶልኛል፤ ያ ጉድጓድ በእሷ ኮርኒስ ላይ እንደ ሣጥን ተንጠልጥሏል። እኔ መርገጫውን ስረግጥ ከራሷ በላይ ይሰማታል። ድምፁ ሲዛባ ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት ትመታለች።

የሆነው እንዲህ ነው። በሁለት ሺህ ስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በስቅለት ማግሥት፣ ቅዳሜ ጠዋት ወርጄ እግሯን አነሣሁ። ከግራ እግሯ ትንሿ ጣት ሥር የምስር ፍሬ የምታክል ቁስል አየሁ። ዙሪያዋ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ነጭ ብሏል።

«ምን አየህ?» አለችኝ።

ትናንት የት እንደዋለች ጠየቅኳት። የት እሆናለሁ፣ ስሰግድ ነዋ አለችኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ በሚያዝያ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። አደራ ተቀባዮች በጫማቸው እንዲሰግዱ ከቤተ ክህነት ፈቃድ ወጥቷል፣ በብሎካችን በር ላይም ተለጥፏል። ሁሉም አንብቦታል። በጫማ የገባ ግን የለም።

«በባዶ እግርሽ?»

«እናንተ ጴንጤዎች በጫማ ትገባላችሁ ብዬ እኔም ልግባ?»

ቁስሉን ነገርኳት። ለማየት እግሯን ለማጠፍ ሞከረች፣ ጉልበቷ እምቢ አላት። ይህ በሰባት ቀን አይጠብም አለች። እኔም አውቀው ነበር።

«ከሠላሳ ስድስቱ» አለችኝ፣ «ሃያ አንዱ ሁለተኛውንም ሰጥተዋል። ሁለተኛውን ከሰጡት ደግሞ ዛሬ በሕይወት ያለው አራት ሰው ነው። እየዞርኩ ቆጥሬያለሁ። አንዱ ሲሄድ ሸክሙ ሁሉ በሌላው ላይ ይወድቃል፣ ኢዮስ። እንዳትጀምርብኝ።»

ስልኩ በእጄ ነበር። ማዕከሉ የምስክሩን ቃል እስከ አንድ ሰዓት ይጠብቃል። እርጥብ ጨርቅ አመጣሁና ግራ እግሯን ጠቅልዬ አቀዘቀዝኩት፣ ሰሌዳው ላይ ቆመች፣ አረንጓዴ በራ። ከዚያ «አይቻለሁ፣ ንጹሕ ነው» አልኩ። ድምፄ እንደ ወትሮው ነበር። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

ቁስል የሚድነው ካልተረገጠ ነው። ይህን ሲስተር ስንዱ ራሷ በየወሩ ታስተምረናለች። ግን ማዕከሉ የሰጠን ግራጫ ጫማ እርምጃ ይቆጥራል፤ በቀን አራት ሺህ፣ ለደም ዝውውር። ሦስት ቀን የጎደለበት ሰው ዘንድ የማዕከሉ ሰዎች ይመጣሉ። አርሴማ ብትረግጥ እግሯ ይሄዳል፣ ባትረግጥ ይመጡባታል። ያን ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ስመላለስ ዋልኩ። ድር ተበጠሰብኝ፣ ቀጠልኩት፣ ደግሞ ተበጠሰ። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ወርጄ ጫማሽን ስጪኝ አልኳት።

ሳቀች። የእሷ ሠላሳ ስምንት ነው፣ የእኔ አርባ አንድ። እኔ ቀጭን ነኝ፣ እግሬም ሥጋ የለውም፤ አጠለቅኩት፣ ገባ። ጥቂት ተራመድኩና ልክ ነው አልኳት።

ልጆቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። አሥራ አንድ ዓመት ያልተሰማው እግር ነው ልክ ነው ያለው። እኔ ይህንን ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ መክሬያለሁ። ጫማ ስትገዙ እግራችሁን አትመኑ፣ በጣታችሁ ለኩ ብያለሁ። ያን ዕለት ግን ለራሴ ብዬ አልነበረም የማጠልቀው፣ እናም መለካቱ ትዝ አላለኝም።

ጫማው ክብደትም ያውቃል። አርሴማ በአሥራ ሁለት ኪሎ ትበልጠኛለች። የሸመንኳቸውን ጋቢዎች አጣጥፌ በጀርባዬ አሰርኩ። ጠዋት የራሴን አራት ሺህ በራሴ ጫማ ግቢ ውስጥ እራመዳለሁ። ከምሳ በኋላ የእሷን ጫማ አድርጌ፣ ጋቢ ተሸክሜ፣ ጣሪያው ላይ በውሃ ታንከሮቹ መሀል እመላለሳለሁ። ከዚያ ላይ ከተማው ይታያል። በየጣሪያው ላይ እንደኔ የሚመላለስ ሰው አየሁ። መጀመሪያ ገረመኝ። ኋላ ላይ ለአንዱ እጄን አነሣሁለት፣ እሱም አነሣልኝ። የማንን ጫማ እንዳደረገ አልጠየቅኩትም።

መቁጠሩን ጫማው ይቆጥራል፣ እኔ ግን አላመንኩትም። አራት ሺህ ሲሞላ ይበቃል ማለት አልቻልኩም። አምስት ሺህ፣ ስድስት ሺህ እሄድ ነበር። ካቆምኩ አንድ ሰው በሯን የሚያንኳኳ ይመስለኛል። ምሽት ስበላ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ብቻውን ይንቀሳቀሳል። ይህንንም የማውቀው ብርጭቆው ሲንቀጠቀጥ አይቼ ነው።

አርሴማ አልጋዋ ላይ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ትተኛለች። ጠዋት ወርጄ ቁስሉን አጥባለሁ፣ እለካለሁ፣ ለሰሌዳው እግሯን አቀዘቅዛለሁ፣ ቃሌን እሰጣለሁ። ታዲያ የእኔን እግር ማን ያያል? ደረጃ እንድትወጣ አልፈልግም። እሷ ቤት ካልሲህን አውልቅ ስትለኝ ደግሞ ጊዜ የለኝም፣ መስታወት አስቀምጬ ራሴ አይቻለሁ፣ አንቺ ብቻ በይ አልኳት። በሦስተኛው ቀን ለማየት ጠየቀችኝ። በአምስተኛው ቀን ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ ተወችው። ለእሷ ሲል የሚለፋን ሰው እንደ ሌባ መፈተሽ ከበዳት፤ ይሉኝታ ያዛት። ሠላሳ ዓመት የማንንም ቃል ሳታምን ትኬት ያየች ሴት የእኔን ቃል አመነች። በየጠዋቱ ሳታይ «አይቻለሁ» አለች። መስታወቱን ተመልክቼበታለሁ፣ አልዋሸሁም። ዓይኔንም ስኳሩ ነክቶታል፤ ያየሁት የእግር ቅርጽ ነው።

ሰሌዳዬ በየቀኑ አረንጓዴ አበራ። ጫማው ሁለቱንም እግሬን እኩል ነበር የሚፈጨው። ሰሌዳው ግራን ከቀኝ ሲያነጻጽር ልዩነት አጣ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሲስተር ስንዱ መጣች፣ እኔ አርሴማ ቤት እያለሁ። አርሴማ ነጠላዋን እግሯ ላይ ጣል አድርጋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ስንዱ ጨዋ ልጅ ናት፣ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። እትዬ አርሴማ በእርምጃ ከብሎኩ አንደኛ እንደወጡ፣ ስማቸው በብሎኩ በር ላይ እንደሚለጠፍ ነገረቻት።

«እግዜር ይስጠው፣ እግሬ ነው» አለች አርሴማ፣ እኔን ሳታይ።

ስንዱ ስትወጣ በሩ አጠገብ ያሉትን ግራጫ ጫማዎች አየቻቸው። ጎናቸው ተወጥሮ ስፌቱ ከፈት ብሏል። ከዚያ የእኔን እግር አየች። የሆነ ነገር ልትል ከንፈሯን ከፈተች፣ «ደህና ዋሉ» አለችና ሄደች። በዚያው ሳምንት የአርሴማ ስም በሩ ላይ ወጣ። የሚያልፈው ሁሉ ያነበዋል። እኔም ባለፍኩ ቁጥር አነበዋለሁ፣ በእሷ እግር የተሄደው ሁሉ የት እንደሄደ እያሰብኩ።

ቁስሏ በሠላሳ አንደኛው ቀን ተዘጋ። ቆዳው እንደ ሕፃን ጉንጭ ነው፣ ሮዝ። ዝም ብዬ አውራ ጣቴን አስደገፍኩበት። ዳነ ወይ አለችኝ፣ ዳነ አልኳት። አንሶላውን ጨበጠች።

በማግሥቱ ጠዋት ከታች የእግር ድምፅ ሰማሁ። ደረጃውን ቀስ እያለች፣ እያረፈች ትወጣ ነበር። በሬን ከፈተች። የራሷን ጫማ አድርጋለች።

«ትኬትህን» አለችኝ።

በመስታወት እንዳየሁ ነገርኳት። ሰማሁህ፣ ትኬትህን አለች ደግማ። ተቀምጬ እግሬን ዘረጋሁ። ቀኙን አወለቀች፣ የተላጠውን አየች፣ አስቀመጠችው። የግራው ካልሲ አልወልቅ አለ። ስትስበው እኔ የሚታየኝ ፊቷ ብቻ ነው። በውሃ አርሳ፣ ትንሽ በትንሽ እየላጠች አወለቀችው። ጣቶቼን አልከፈተቻቸውም።

«መቼ ነው ያየኸው?»

«ትናንትም አይቻለሁ።»

«በየትኛው ዓይንህ?»

ስልኳ ከጎኗ አለ። አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው። በዚያች ሰዓት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ልጆቼ፣ ደፍሬ። ቁስሉ ምን ያህል እንደሆነ ልጠይቃት አልፈለግኩም። የፈለግኩት እኔ ለእሷ ያልኩትን ቃል እሷም ለእኔ እንድትልልኝ ነው።

«አንቺም በይልኝ እንጂ» አልኳት። «እኔ ብዬልሽ የለ?»

«አንተ ስትልልኝ ምስር ነበረች።»

«አሁን እኔ እተኛለሁ። አንቺ የእኔን ጫማ ታደርጊያለሽ። ሰፊ ነው፣ አይጎዳሽም።»

ይህን ስል ልትስቅ ትንሽ ቀርቷት ነበር። ከዚያ እግሬን በሁለት እጇ ያዘች። መያዟ አልተሰማኝም፣ አየሁት።

«አጥንት ይታየኛል፣ ኢዮስ» አለችኝ።

እጇን ከእግሬ ሳታነሣ በሌላው ስልኩን አነሣች። «አይቻለሁ» አለች። ትንሽ ቆየች። «ቁስል አለ።»

አጥንት ለታየበት ቁስል ሰባት ቀን የለውም። ቀኙ ይድናል ተባለ፣ ግራው አይድንም። ሲስተር ስንዱ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰች። የትኛው ጫማ ነው ያቆሰለዎት ብላ ጠየቀችኝ። የራሴ ነው አልኳት። ጽፋ ጨረሰች፣ ደግማም አልጠየቀችኝ። በቃሬዛ ሲያወርዱኝ አርሴማ ከጎኔ ነበረች። አላናገርኳትም። በማዕከሉም በነበርኩባቸው አሥራ አንድ ቀናት ስትመጣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። አጃ አምጥታ ታስቀምጣለች፣ ወንበሩ ላይ ጥቂት ትቀመጣለች፣ ትሄዳለች። ስነቃ መጀመሪያ የደረሰኝ መልእክት «እንኳን ደስ ያለዎት፣ አደራው ደህና ነው» ይላል። እውነት ነው፣ ደህና ነው። ኩላሊቴ ከዚያ በኋላ እንከን አላገኘውም።

ወደ ቤት ስመለስ ቀልዬ ነበር። የተሠራልኝ እግር ጥሩ ነው፤ ጣቶች አሉት፣ ጥፍርም አለው። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ ስሠራ ግን ድምፁ ሌላ ሆነ። አንዱ መርገጫ እንደ ድሮው ነው፣ ሌላው ቶሎ ይመታል። አርሴማ ከታች ኮርኒሱን አልመታችም። ያ አለመምታቷ ሥራ ከለከለኝ። ተነሥቼ እዞራለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እንደገና እነሣለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ያ ነገር ጀመረኝ። ጠዋት ሰሌዳው ላይ ልቆም ስነሣ ግራ እግሬ አመመኝ። የተሠራው አይደለም። የእኔው፣ የሄደው። ትንሿ ጣቴ ወደ ውስጥ ታጥፋ፣ የእግሬ ጎን ተጨምቆ፣ ተረከዜ ሲፈጭ ተሰማኝ። አሥራ አንድ ዓመት አንዲት ቃል ያልተነፈሰ እግር ከሄደ በኋላ መናገር ጀመረ። ምን እያለ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። ሠላሳ ስምንት ቁጥር ጫማ ነው። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ሊነግረኝ የሚገባውን፣ ጣሪያው ላይ ያልነገረኝን፣ እርምጃ በእርምጃ እየነገረኝ ነበር።

ለሲስተር ስንዱ ነገርኳት። የታወቀ ነገር ነው፣ ለብዙ ሰው ይሆናል አለችኝ፣ ኪኒን ጨመረችልኝ። ኪኒኑ አላስተኛኝም። ተኝቼ እሄዳለሁ፣ ተቀምጬ እሄዳለሁ። በየቀኑ ስድስት ሺህ።

አርሴማ በየጠዋቱ መምጣቷን አላቋረጠችም። «ትኬትህን» ትላለች፣ ቀኙን ታያለች። ከዚያ የተሠራውንም ታነሣለች። ሕጉ ይህን አይጠይቅም። ጣቶቹን አንድ በአንድ ትከፍታለች፣ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች፣ ውስጥ እግሩን ታያለች። «አይቻለሁ» ትላለች፣ ለስልኩ ሳይሆን ለእሱ። እኔ ጣሪያ እያየሁ እጠብቃለሁ።

አንድ ጠዋት ሳላስበው አመለጠኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የተናገርኳት የመጀመሪያው ቃል ነበር።

«ጫማሽ ጠበበኝ፣ አርሴ።»

ጨርቁን አስቀመጠች። ጫማው በራሷ እግር ላይ ነው፣ ሁለታችንም እናየዋለን። ትስቃለች ብዬ ነበር፣ ወይም ትወጣለች። የቱ ጋ ነው አለችኝ። ትንሿ ጣት ጋ አልኳት።

ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ቀስ ብላ፣ ጉልበቷን እየደገፈች። የተሠራውን እግር ጭኗ ላይ አደረገችው። ባዶ ነው፣ ካልሲ እንኳ የለውም። እሷ ግን ሁለት ጣቶቿን ከላይ፣ የጫማ ማሰሪያ ቋጠሮ የሚሆንበት ቦታ አሳረፈች። ጎተተች። አንዱን ማሰሪያ አወጣች፣ ሌላውን አወጣች፣ በየቀዳዳው እየገባች አላላችው። ጊዜ ወሰደባት፤ ስፌቱ የተወጠረበትንም ቦታ በአውራ ጣቷ ገፋ ገፋ አደረገችው። ከዚያ ተረከዙን ይዛ፣ እንደማይወልቅ ጫማ ግራና ቀኝ እያወዛወዘች ሳበችው።

ከጎኗ አስቀመጠችው፣ ወለሉ ላይ፣ ምንም በሌለበት።

«አሁንስ?» አለችኝ።

ትንሿ ጣቴ ተዘረጋች። ተሰማኝ።